አንበሳ «ይጣፍ» ያለ ዕለት

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉ። ላሟም በረቱም የሰው ነው፤ የእኛ ወሬው ብቻ ነው። ወሬውም እንዲህ ነው።

ድሮ፣ ጨርቅ አፍ በነበረው ዘመን፣ እሾህም መልስ በሚመልስበት ዘመን፣ መስፋት የሚባል ነገር አልነበረም። ሸማኔ ይሸምናል፣ ሰው ይለብሳል፣ የለበሰው ይቀደዳል፣ የተቀደደው ይጣላል። የተጣለውን ጅብ ይወስዳል። ሕግ ነው። አያ አንበሶ አገሩን ሲያከፋፍል፣ «ሙሉ ሙሉው የእኔ፣ የተቀደደው የጅብ» ብሎ ነበር። አንበሳ የተናገረው ስለ ሥጋ ነው። አያ ጅቦ ግን የሰማው ስለ ሁሉም ነገር ነው። ጅብ የሚሰማው በሆዱ ነው።

መጀመሪያ የአንድ ሰው አቁማዳ ተቀደደ። ጅብ «የእኔ ነው» አለና ከነእህሉ ወሰደው። ጎረቤት ዝም አለ፤ አቁማዳው የጎረቤት አልነበረም። ቀጥሎ የአንዲት ባልቴት ቀሚስ ተቀደደ።

«የእኔ ነው» አለ ጅብ።

«ቀሚሱን ውሰድ» አሉት።

«አቁማዳውን ስወስድ እህሉን አራግፉልኝ ብያለሁ?» አለና ቀሚሱን ከነባልቴቷ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሰው ሁሉ ከመቀመጫው በተነሳ ቁጥር ኋላውን ይዳብሳል። ቄሱም ይዳብሳል፣ ሙሽራይቱም ትዳብሳለች። ነውር አልነበረም። ጥንቃቄ ነው።

በዚያ አገር ጌጤነህ የሚባል ሰው ነበረ። እናቱ ጌጤነህ ያለችው ሌላ ጌጥ ስላልነበራት ነው። እሷ ብዙ አልቆየችም። አባቱም ተከተላት። ጌጤነህ ያደገው የሰው እንጨት እየፈለጠ፣ የሰው ውሃ እየቀዳ፣ የሰው ወጥ እየሸተተው ነው። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ «አለፈ» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

ያለው አንድ ጋቢ ነው። ጋቢው የአባቱ ነበር። አርጅቷል፣ ይነጫነጫል።

«አትጎትተኝ» ይላል ጋቢው በየጠዋቱ። «አባትህ እንኳ እንዲህ አልጎተተኝም።»

«አባቴ አጭር ነበር» ይላል ጌጤነህ።

«አባትህ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ነበር።»

«አባቴ የሚቀመጥበት ነበረው።»

አንድ ቀን ጌጤነህ የሰው ጭድ ተሸክሞ ሲመጣ ደከመውና ድንጋይ ላይ አረፍ አለ። ሲነሳ ጋቢው «ጨርር» አለ። የተቀደደው ልክ ቂጡ ላይ ነው።

«ነግሬህ ነበር» አለ ጋቢው።

ወዲያው አያ ጅቦ ከጉብታው ማዶ ብቅ አለ። የሥጋ ሽታና የጨርቅ ድምፅ አያመልጠውም።

«እንደምን ዋልክ ጌጤ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እስቲ ዙር።»

«ለምን?»

«ሰላም ልልህ።»

«በፊቴ በኩል ሰላም በለኝ።»

ጅብ ሳቀ። «ስትቀደድ ሰምቻለሁ። ጋቢው የእኔ ነው። የጋቢው ውስጥም የእኔ ነው። ና፣ አታድክመኝ።»

«በአያ አንበሶ አምላክ» አለ ጌጤነህ።

በዚያ አገር ይህ ቃል ከአፍ ከወጣ ጅብም ቢሆን አፉን ይገጥማል፤ ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ወደ ዳኛ ሲኬድ ደግሞ ባለጋራ ከባለጋራው ልብስ ለልብስ ጫፉን ይቋጠራል፤ አንዱ ጥሎ እንዳይሄድ። ጅብ ልብስ የለውም። የጋቢውን ጫፍ ከጭራው ጋር ቋጠሩትና ሄዱ። ጅብ ከፊት፣ ጌጤነህ ከኋላ። ሰው እንዳያይበት ጌጤነህ መንገዱን ሁሉ ኋላውን በእጁ ሸፍኖ ሄደ።

አያ አንበሶ ከዋርካው ሥር ተጋድሟል። በልቷል፣ ጠግቧል፣ እንቅልፉ መጥቷል። ከአጠገቡ ጸሐፊው እመት ጦጣ ተቀምጣለች። እመት ጦጣ መጻፍ አትችልም፤ ግን ብዕር ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ለሹመት ይበቃል።

ስለ አንበሳ አንድ ነገር እወቁ። ቆላ ያደገ ነው፤ ጸ አይሆንለትም። ጸሎትን ጠሎት ይላል፣ ጻድቅን ጣድቅ ይላል፣ መጻፍን መጣፍ ይላል። አገር ሁሉ ይሰማዋል። ጥርሱን ያየ ግን ፊደሉን አላረመውም።

ጅብ ክሱን አሰማ። ጋቢው ተቀደደ አለ፣ የተቀደደ የእኔ ነው አለ፣ ውስጡም የእኔ ነው አለ። አንበሳ አዛጋ። «ይጣፍ» አለ። «በገበያ ማግስት ተመለሱ። እስከዚያ እንዳትነካው።»

ይህን ብሎ አንቀላፋ።

ጅብ ክሴ ተጻፈ ብሎ ደስ አለው። እመት ጦጣ ብዕሯን ከቀኝ ጆሮዋ አውርዳ ግራ ጆሮዋ ላይ ሰካች፤ የዕለቱ ሥራ አለቀ። ቋጠሮው ተፈታ። ጌጤነህ ግን በመንገዱ ሁሉ ያንን ቃል አላመጠ። ፊደል አያውቅም። እሱ የሚያውቀው መጣፍ አንድ ነው፤ የሰው ጣራ ሲያፈስ በሳር ጥፎ ያውቃል።

«ይጣፍ አለ» አለው ለጋቢው። «ጋቢው ይጣፍ ማለቱ ነው።»

«እኔ ጣራ ነኝ?» አለ ጋቢው።

«አንበሳ የማይሆን አያዝም።»

«አንበሳ ተኝቶ ነበር» አለ ጋቢው። ጌጤነህ አልሰማውም። ጨርቅ እንዴት እንደሚጣፍ የሚያውቅ ፍለጋ ሄደ።

መጀመሪያ እመት ሸረሪት ዘንድ ሄደ። ጥግ ይዛ ስትፈትል አገኛት።

«እመት ሸረሪት፣ ለምን ትፈትያለሽ?»

«ለሆዴ ነዋ ልጄ። ዝንብ በእግሩ መጥቶ አፌ አይገባም።»

«ከድርሽ ትንሽ ስጪኝ። ጋቢዬ ተቀዷል፤ ካልጣፍኩት ጅብ ይበላኛል።»

«የት ጋ ነው የተቀደደው?»

ነገራት።

«አይሆንም» አለች። «የእኔ ድር ዝንብ እንጂ ቂጥ አይችልም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ክር ከሰው ደጅ ለምኜ አላውቅም። ከራሴ ነው የማወጣው። የጋቢህን ጠርዝ ምዘዝ፤ ክሩ እዚያው አለልህ።»

ጌጤነህ ከጋቢው ጠርዝ ክር መዘዘ። ጋቢው «ደግሞ ራቁቴን አስቀረኝ» እያለ አጉረመረመ።

ቀጥሎ ወንዝ ዳር ጎጆ ሠሪው ቢጫ ወፍ ዘንድ ሄደ። ወፉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሳር ሲጠላልፍ አገኘው።

«ወንድሜ፣ ለምን ትሠራለህ?»

«ለደስታዬ መስሎህ ነው?» አለ ወፉ። «ሚስቴ ናት።»

ሚስቱ ያን ጊዜ ደረሰች። ጎጆውን ዞረችው። አንድ ሳር ሳበች። «ይኼ በር ነው ወይስ ሽንቁር?» አለች። ሌላ ሳር ሳበች። ጎጆው ተዘርግፎ ወንዝ ገባ። እሷም በረረች።

ወፉ ወንዙን አየ። ጌጤነህን አየ። ሌላ ሳር አነሳ። «ተመልከት» አለው። «ግባ፣ ውጣ፣ አጥብቅ። ሌላ ጥበብ የለውም። ሲሳካልህ ግባ፣ ውጣ፣ አጥብቅ። ሲፈርስብህም ግባ፣ ውጣ፣ አጥብቅ።»

«ሁልጊዜ ታፈርሰዋለች?»

«አንድ ቀን እንቁላል ትጥልበታለች። እስከዚያ እጄ ይፍታታል።»

በመጨረሻ ጃርት ዘንድ ሄደ። ጃርት ጀርባውን ነፍቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል።

«አያ ጃርት፣ ይህን ሁሉ መርፌ ተሸክመህ ምን ጥፈህ ታውቃለህ?»

«እኔ የምወጋ እንጂ የምጥፍ አይደለሁም» አለ ጃርት። «ወንድ ልጅ ነኝ።»

«እኔም ወንድ ነኝ። ኋላዬ ግን ክፍት ነው።»

ጃርት አፈረለትና ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ከጀርባው አንዲት ቀጭን እሾህ ተናገረች።

«አንተ ሰው፣ እኔን ንቀለኝ። እዚህ ላይ ቆሜ ያየሁት ሁሉ ሲሸሸኝ ነው። ልብስ ምን እንደሚመስል ከቅርብ ልይ።»

ጌጤነህ ነቀላት። ጃርት «አይ» እንኳ አላለም፤ አልጎደለበትም። ጌጤነህ ራሷን በግራር እሾህ ቀስ ብሎ በሳት።

«አመመሽ?» አላት።

«ይመም» አለች። «ቀዳዳ የሌለው ክር አይዝም።»

ክር ተገኘ፣ ዘዴው ተገኘ፣ መርፌ ተገኘች። የቀረው ቀዳዳውን የሚሸፍን እራፊ ነው። በዚያ አገር እራፊ ያለው ሰው ጅብ እንዳያውቅበት መደብ ሥር ይደብቃል። ጌጤነህ የቄሱን ደጅ አንኳኳ፤ ቄሱ ግራና ቀኝ አይተው የጥምጥማቸውን ቁራጭ በበር ሥር አሾለኩለት። የእህል ነጋዴውን አንኳኳ፤ የጆንያ ቁራጭ ወረወረለት። ከዚያ ጎረቤቱን ወይዘሮ ደብሪቱን አንኳኳ። ደብሪቱ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ምላሷ ግን ያልሄደ ሴት ናት።

«እራፊ አለሽ እንዴ እት ደብሪቱ?»

«ቀስ በል፣ ጅብ ይስማህ? ምን ሊሠራልህ?»

ነገራት። ሳቀችበት። ሳቋን ስትጨርስ ገብታ አንድ ቀይ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

«የሠርግ ቀሚሴ ነው። ያ ባሌ ገና ከደጃፍ ሳንገባ ረግጦ የቀደደው። ያን ዕለት ነበር መመለስ የነበረብኝ። ውሰደው። የት ላይ እንደምታደርገው ግን አትንገረኝ።»

ጌጤነህ ሦስቱን እራፊ መሬት ላይ ዘረጋ። ጠብ ተነሳ።

«እኔ ራስ ላይ የኖርኩ ነኝ» አለ የጥምጥሙ ቁራጭ። «ቅዳሴ ሰምቻለሁ። ቂጥ ላይ አልወርድም።»

«እኔ ብወርድ ግድ የለኝም» አለ ጆንያው። «ግን እኮሰኩሳለሁ። ኋላ ታሙኛላችሁ።»

«እኔ ሠርግ አይቻለሁ» አለ ቀዩ ጨርቅ። «ከዚያ ወዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም። እኔ እወርዳለሁ።»

ቀዩ መሐል ላይ ገባ፤ ጥምጥሙና ጆንያው በግራና በቀኝ ያዙት።

ጌጤነህ ጀመረ። ግባ፣ ውጣ፣ አጥብቅ። መርፌዋ ጣቱን ወጋችው። «ይቅር በለኝ» አለች፤ «ልማድ ነው።» ግባ፣ ውጣ፣ አጥብቅ። ስፌቱ ጠመመ። ፈታውና እንደገና ጀመረ። ስለ ወፉ አሰበ። ሆዱ እንደ ወትሮው ምግብ ሲጠይቀው አልሰማውም። የሰው እንጨት የፈለጠ፣ የሰው ውሃ የቀዳ እጅ ነው። የራሱን ነገር ይዞ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?» አለ።

«እዚያ ጋ ቀስ በል» አለ ጋቢው። «ያመኛል።»

የገበያው ማግስት ደረሰ። ሸንጎው ሞላ። ጅብ ጨውና ሚጥሚጣ ቋጥሮ መጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለችው እመት ጦጣ።

«ማስረጃ ነው።»

የጋቢውን ጫፍና የጅቡን ጭራ እንደገና ቋጠረችና ዳኛው ፊት አቆመቻቸው። ጅብ ጊዜ አላጠፋም።

«ጌታዬ፣ ልብሱ የተቀደደ ነው፤ የተቀደደ የእኔ ነው፤ ውስጡም የእኔ ነው። ጨርሻለሁ።»

«ዙር» አለ አንበሳ።

ጌጤነህ ዞረ። ቀዳዳ የለም። በቀዳዳው ቦታ እንደ ጠዋት ጀንበር ቀይ ጨርቅ ተቀምጧል። ከሸንጎው ኋላ ደብሪቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ ይጣፍ አሉ። ጣፍኩት።»

«የለም፣ የለም» አለ ጅብ። «ክሴ ይጻፍ ነው ያሉት። ይጻፍ ለማለት ነው ይጣፍ ያሉት። ጌታችን ጸ አይሆንላቸውም፤ አገር ያወቀው ነው።»

ሸንጎው ሁሉ አንገቱን ቀበረ። ዝንብ እንኳ ተቀመጠች። እመት ጦጣ ብዕሯን ከጆሮዋ አወረደች።

«በትክክል ልያዘው» አለች ለስለስ ብላ። «ጌታችን አንደበታቸው ይኮላተፋል፤ ይላል አያ ጅቦ። እንዲህ ብዬ ልያዘው?»

አንበሳ ጥርሱን አሳየ። «ያልኩትን አውቃለሁ። ይጣፍ አልኩ፤ ተጣፈ። የአንበሳ ቃል አይወላገድም።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ሚጥሚጣውን አየ። ተስፋ አልቆረጠም።

«እሺ ተጣፈ» አለ። «በምን ተጣፈ? በመርፌ። መርፌ ምን ታደርጋለች? ትበሳለች። በእያንዳንዱ ስፌት ሥር ቀዳዳ አለ። ያኔ አንድ ነበር፤ አሁን ሰማንያ ነው ወይም መቶ ነው። እንግዲህ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ይባስ የእኔ ነው።»

ሸንጎው አጉረመረመ። ክርክሩ ጥሩ ነበር። አንበሳም አገጩን አከከ። መርፌዋ ጋቢው ደረት ላይ ተሰክታ ነበር።

«ጌጤ» አለችው በሹክሹክታ። «እኔም ቀዳዳ አለኝ። ማን የሌለው አለ? ይቆጠር በላቸው።»

ጌጤነህ ብዙ መናገር አይወድም። ቢሆንም ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ቀዳዳ ያለው ሁሉ የጅብ ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው እመት ጦጣ አያ ጅቦን ትቁጠረው።»

እመት ጦጣ ተነሳች። እንዲህ ያለ ሥራ ትወዳለች።

«ጆሮ ሁለት» አለች። «አፍንጫ ሁለት። አፍ አንድ፤ አንድ ተብሎ ይያዝ እንጂ ስፋቱ የብዙ ነው።» ከዚያ ወደ ኋላ ዞረችና ጎንበስ አለች። ቀና ስትል አፍንጫዋን ይዛለች። «ስድስተኛውን በሸንጎ ፊት ስሙን አልጠራም። ግን አለ።»

ሸንጎው በሳቅ ወደቀ። ቄሱ እንኳ የሚስሉ መስለው ሳቁ። አንበሳ እስኪበርድ ጠበቀ።

«ቀዳዳ ያለው ሁሉ የጅብ ከሆነ» አለ፣ «ጅብም የጅብ ነው። አያ ጅቦ፣ ጨውህን ይዘህ ሂድና ራስህን ብላ። ክር የያዘው ቀዳዳ ግን ቀዳዳ አይደለም፤ ስፌት ነው። ይጣፍ።»

እመት ጦጣ ይጻፍ ማለቱ ይሁን ይጣፍ ማለቱ አልጠየቀችም።

ጅብ በእፍረት ሸሸ። ሲሸሽ ቋጠሮውን ረሳ። ጋቢው ተወጠረ፣ ጥምጥሙ ተወጠረ፣ ጆንያው ተወጠረ፣ ቀዩ ጨርቅ «ከዚህም የባሰ አይቻለሁ» እያለ ተወጠረ። ስፌቱ አልለቀቀም። የለቀቀው የጅብ ጭራ ነው፤ እፍኝ የሚሆን ጸጉር ጋቢው ጫፍ ላይ ቀረ። ጅብ እስከ ዛሬ ኋላውን ዝቅ አድርጎ የሚሄደው ስድስተኛው እንዳይቆጠርበት ነው።

ሸንጎው ሲበተን ደብሪቱ ጌጤነህን በመንገድ ላይ ደረሰችበት።

«እዚያ ላይ ነው ያደረግከው?»

«አትንገረኝ ብለሽ ነበር።»

«ስፌትህ ደግሞ የሰከረ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። መርፌዋን ወዲህ በል።»

ወሰደችና በቀዩ ዙሪያ አበባ የመሰለ ጥልፍ ጠለፈችበት። ያንን ያየች ጎረቤቷ ከእሷ አላንስም ብላ ጀመረች። ሌላዋ ከባሏ ነገር ጆሮዋን ለማሳረፍ ጀመረች። ቄሱን ብርድ አስጀመራቸው። ነጋዴው፣ ሁሉም ይዞ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ልቀመጥ ብሎ ጀመረ። መደብ ሥር የተደበቀው እራፊ ሁሉ ወጣ፣ ከማያውቀው እራፊ ጋር ተሰፋ፣ ድሪቶ ሆነ። በክፉም በደጉም ምክንያት ጀመሩ። የጀመረ ግን አላቆመም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጅብ በዚያ ሲያልፍ ጌጤነህ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲሰፋ አየው። ከሩቅ ቆመ።

«ተቀደደ እንዴ?» አለ፤ ተስፋ አድርጎ።

«አልተቀደደም።»

ጅብ አንገቱን አስግጎ ጋቢውን አየው። ሙሉ ነው። ከዳር እስከ ዳር አበባ ነው።

«ታዲያ ምን ትሰፋለህ? ቀዳዳው የት አለ?»

ጌጤነህ ክሩን አጠበቀ። ቀና አላለም።

«አንተ የማትደርስበት ቦታ ነው» አለ።

ጅብ ኋላውን ዝቅ አድርጎ ሄደ። ጌጤነህም ግባ፣ ውጣ፣ አጥብቅ።

ስለዚህ፣ ሰው ደህና ቁጭ ብሎ ሳለ መርፌ ለምን ያነሳል ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ «እስቲ ዙር» በሉት። ቀዳዳ የሌለው ክር አይዝም።

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ከሌለ ይቅር፤ ክር አቀብሉኝ።